አንዲት በቅሎ

ሰኔ ነበር፤ ግቤ ሞልቶ፣
ዳኛ ይርዳው ሲደርሱብን፣ ጃንጥላቸውን ነፋስ መትቶ፣
ባዶ መዝገቡ በሰሌን፣ እንደ አራስ ልጅ ተሸፍኖ፣
ካባቸው ግን ዝናብ ጠጥቶ።

"አማርኛ የሚሰማ ማነው?" አሉ፤ እጄን አወጣሁላቸው፤
ከዚያች ቀን ወዲህ እኔ ነኝ፣ አፋቸውም ጆሯቸው።
ሂርማታ፣ ከዋርካው ሥር፣ ገበያው በቆመ ሐሙስ፣
እሳቸው ባማርኛ ይፈርዳሉ፣ ሕዝቡ በኦሮምኛ ያለቅሳል፤
መሐል የእኔ ምላስ አለች፤ ነገር በእሷ ላይ ይሻገራል፣
እንደ ግቤ መልካ።
አንዳንዱ ጭነት ይረጥባል።

ስንቱን አየን። ነጠላ ለነጠላ ታስረው፣ በቁራኛ የመጡ፣
ወር ሙሉ አብረው ያደሩ፣ ካንድ ቅል ውኃ የጠጡ፣
ፍርድ ተሰምቶ ቋጠሮው ሲፈታ፣ ብቻን መራመድን ያጡ።
በማር የተወራረዱ፤ ላንድ ስንዝር ድንበር፣
የቡና እግር እንደ ጥርስ ቆጥረው፣ "ጎደለብኝ!" ሲሉ ባገር፣
ዳኛው ጢማቸውን ይዘው፣ እስኪመሽ ያደምጡ ነበር።
እጃቸው ንጹሕ ነው። አንዱ ሌሊት ሙክት ግቢያቸው ቢያስርበት፣
በማለዳ አስመዘገቡት፦ "ነጭ፣ ቀንዱ ጎባጣ፣ ባለቤት ያልተገኘለት።"

በሦስተኛው ዓመት፣ ዲሚቱ የምትባል፣ የሰቃ መበለት፣
ጎረቤቷን ከሰሰች፣ ስለ በቅሎዋ።
"ኤርጊሴፍ" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤
አንድ ጊዜ ነው ያለችው፤ ሁለተኛ አልደገመችም።
ዝናቡ ቅጠሉን ይደበድባል፤ እኔም ወባ ጀማምሮኛል፤
"ኤርጌፍ" መሰለኝ። "ሰደድኩለት ትላለች" ብዬ ተረጎምኩ።
አዋስኩት ነበር ያለችው።
አንዲት ፊደል ናት ልዩነቷ፣ በጥርስ መሐል ሾልካ የምትወጣ፤
እሷ መልካው ላይ ወደቀችብኝ፤ ዲሚቱም በቅሎዋን ልታጣ።

"የሰደዱት ስጦታ ነው" አሉ፤ ማኅተሙ ወረደ።
ለምስክር ያመጣችው ልጓም በእጇ ነበር።
እሱን በትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ በጭቃው፣ በእግሯ፣
ወደ ሰቃ ሄደች።

ጣልያን መጣ። ዳኛው ጫካ ገቡ። ጣልያን ሄደ። ተመለሱ።
ከዋርካው ሥር ተነሥተን ቆርቆሮ ቤት ገባን፤ ዝናቡ ግን ያው ነው፣
እንዲያውም ባሰበት ጩኸቱ።
እሳቸውም እኔን መጠበቅ ሰልችቷቸው መሰለኝ፣
ከጨው ሻጮች፣ ከሸማኔዎች፣ ኦሮምኛ ይለቃቅሙ ጀመር፤
"ደህና አደርክ"ን ብለው ይስቃሉ፣ እንደ ሕፃን ልጅ፣ በሽበታቸው።

አንድ ሐሙስ፣ በገበያው መሐል፣ ወንፊት የያዘች ልጅ
ለጓደኛዋ "ኤርጊሴ" ስትል ሰሙ። አዋስኳት ማለቷ ነው።
ቆሙ። ሰው እየገፋቸው አለፈ።
"ያቺ ሴት" አሉኝ፣ "የልጓሟ ሴት። ምን ነበር ያለችው?"
"አላስታውስም" አልኳቸው።
አስታውስ ነበር፤ የልጓሙን ዘለበት ሳይቀር።
አዩኝ፣ ሐሰተኛ ምስክር እንደሚያዩ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም።
ወደ ሰቃ ሰው ላኩ፤ ዲሚቱ ከሞተች ሁለት ክረምት አልፎ ነበር።

ጡረታ በወጡ ዕለት፣ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተደረደረ፤
ሹሙ ካዲስ አበባ መጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፤
"በሃያ ስምንት ዓመት ዳኝነት፣ አንዲት ፍርዳቸው አልተሻረ!"
ተጨበጨበ። እኔም እንደ ልማዴ ወደ ሕዝቡ ዞሬ
ቃሉን ላሻግር አፌን ስከፍት፣
እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ተነሡ።
በራሳቸው አፍ፣ በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛ፣
"ጋንጎ ቶኮ" አሉ።

አንዲት በቅሎ።

ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎች ዝም አሉ።
ሹሙ ወደ እኔ ዞረ፤ "ምን አሉ? ተርጉም እንጂ!"
"ዕዳ አለብኝ ይላሉ" አልኩት።
ዳኛ ይርዳው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው
"አለብን" አሉኝ።

አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ
ትርጉሜን ሲያርሙ፣ የመጀመሪያቸው ነበር።